ሺህ ገባር ወይስ ሺህ ማኅበር?

በአማርኛ «ሺህ» ሁልጊዜ ቁጥር አይደለም። «ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ» የምትል እናት ቆጥራ አታውቅም፤ «ሺህ ዓመት ያኑርህ» ብሎ የሚመርቅ ሽማግሌም ዘመን አላሰላም። ብዛቱ ከመቁጠር ሲያልፍ ሺህ እንላለን። በጋና የሚነገረው ትዊ በዚህ ይመስለናል። በትዊ ሺህ «አፔም» ነው። የትዊ ተናጋሪዎቹ የአሻንቲዎች መንግሥት ምልክቱ ጃርት ነው፤ አሻንቲዎች እንደ ጃርቱ እሾህ ሺህ ቢገደል ሺህ ይተካል ብለው የሚፎክሩትም በዚሁ ቃል ነው።

ከጋና ዋና ከተማ ከአክራ በስተሰሜን አኳፔም የሚባል የገበሬ አገር አለ። የስሙ መጨረሻ ይኸው «አፔም» ስለመሆኑ የሚከራከር የለም። ክርክሩ ከፊቱ ባለው ቃል ላይ ነው። አንዱ ወገን ስሙ ሲጀመር «ንኮአ አፔም» ነበር ይላል፤ ሺህ ገባር ማለት ነው። ሌላው «አኩው አፔም» ነው ይላል፤ ሺህ ጭፍራ፣ ሺህ ማኅበር። ሁለቱ በጥድፊያ ሲነገሩ ወደ አንድ ድምፅ ይጠጋሉ፤ ያን ድምፅ የእኛ ፊደል በአንዲት «ኳ» ይጽፈዋል። በዚያች አንዲት ፊደል ውስጥ የሦስት መቶ ዓመት ሙግት አለ። አገሬው የሰው ገባር ነበር ወይስ ተማምሎ የተሰባሰበ ማኅበር?

እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተራራውና መንደሮቹ

ከአክራ ሜዳ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚዘረጋ የተራራ ሰንሰለት አለ። ቮልታ ወንዝን ተሻግሮ እስከ ቶጎ ይዘልቃል። አኳፔም የዚህ ሰንሰለት የደቡብ ጫፍ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ ለመንዝ ሰው ተራራ ለማለት እንኳ ያስቅ ይሆናል። በአክራ ወበቅ ለሚቃጠል ሰው ግን ደጋ ነው። የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች በ1875 ለታመሙ ሹሞቻቸው ማገገሚያ ቤት አቡሪ ላይ የሠሩት ነፋሱን ፈልገው ነው።

የተራራው ሁለት ጎኖች አይመሳሰሉም። በምሥራቅ ወርዶ የሚገኘው የአክራ ሜዳ ዝናብ የሚያጥረው ሣርና ቁጥቋጦ ነው። በምዕራብ ግን መሬቱ ወደ ዴንሱ ወንዝ ሸለቆ ያዘቀዝቃል፤ ያ ወገን እርጥብና በጥንት ዘመን ጥቅጥቅ ያለ ደን የነበረ ነው። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ትልቁ ከሚያዝያ አካባቢ ጀምሮ እስከ ሐምሌ፣ ትንሹ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ከዚያ ከሰሃራ የሚነፍሰው ሃርማታን አቧራውን ይዞ ይደርሳል፤ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ሰማዩንም ያጠይማል።

መንደሮቹ በተራራው ጀርባ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰክተዋል። ከአክራ ሲወጡ አቡሪ ትቀድማለች፤ ከዚያ አህዌሬአሴ፣ ኦቦሶማሴ፣ ቱቱ፣ ማምፖንግ፣ አማኖክሮም፣ ማምፌ፣ ዋና ከተማዋ አክሮፖንግ፣ አቢሪው፣ ዳው፣ አውኩጉአ፣ አዱክሮም እያለ ይቀጥላል። ላርቴ ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ገንጠል ብላ ትገኛለች። ስሞቹ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ይናገራሉ። አክሮፖንግ «ትልቅ ከተማ» ማለት ነው። በ«ክሮም» የሚያበቃው ሁሉ የአንድ ሰው መንደር ነበር። ኦቦሶማሴ «ከአምላኩ ሥር» ነው፤ «ኦቦሶም» የአገሬው አምላክ፣ «አሴ» ደግሞ ሥር ነውና። ከተራራው በስተሰሜን ያለችው ኮፎሪዱአ በአገሬው ትረካ የኮፊ ኦፎሪ ዛፍ ናት፤ «ዱአ» ዛፍ ነው፣ ኮፊም ዓርብ ለተወለደ ወንድ የሚሰጥ ስም ነው። እነዚህን ስሞች አንድ ሽማግሌ በአንድ ከሰዓት ተርጉሞ ይጨርሳቸዋል። የአገሩ ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም።

ገባሩ ሕዝብ

በተራራው ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሰፈሩት የጉዋን ሕዝቦች ናቸው። ላርቴዎችና ቼሬፖንጎች ዛሬም የራሳቸውን የጉዋን ቋንቋ ይናገራሉ፤ ዘርም በአባት ይቆጥራሉ። ማምፖንግ፣ ማምፌና ቱቱን የመሳሰሉት ደግሞ ጉዋን ሆነው ሳለ ቋንቋቸውን በትዊ የለወጡ ናቸው። ጉዋኖች አንድ ትልቅ ንጉሥ አልነበራቸውም። ሰውን የሚሰበስበው የመንደሩ አምላክ ካህን ነበር። የአሻንቲን መንግሥት ከመሠረቱት አንዱ የሚባለው ካህኑ ኦኮምፎ አኖቺ የአውኩጉአ ልጅ ነው የሚል የቆየ ትረካ አለ፤ አውኩጉአዎች እስከ ዛሬ ይኮሩበታል።

በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ከምዕራብ አኳሙ የሚባል ትዊ ተናጋሪ የአካን ሕዝብ መንግሥት ተነሣ። መናገሻው ንያናኦአሴ ከዛሬዋ ንሳዋም ከተማ ብዙ አይርቅም ነበር። ንጉሡ አንሳ ሳስራኩ በ1677 አክራን ወጋ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የባሕሩን ዳርቻ ጠቀለለ። ወርቅና ባሪያ ወደ አውሮፓውያን ምሽጎች የሚወርዱበት መንገድ በእጁ ገባ። የተራራው ሰዎችም ከመንገዱ በላይ ነበሩና ገበሩ።

የመጀመሪያው ትረካ ከዚህ ይነሣል። አንሳ ሳስራኩ ከእግሩ በታች የወደቀውን ሕዝብ ብዛት አይቶ «ንኮአ አፔም» አለ፤ ሺህ ገባሮቼ እንደ ማለት። «ንኮአ» የ«አኮአ» ብዙ ቁጥር ነው፤ ተገዥ፣ ሎሌ፣ አንዳንዴም ባሪያ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ገባር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። መሬቱ የራሱ ሲሆን ከመሬቱ የሚወጣው የሌላ የሆነበት ሰው ነው። የአኳሙ አገዛዝ ግን ከዚህም አለፈ። የአኳሙ መኳንንት ሰላማዊውን ሰው በሰበብ በአስባቡ እየያዙ በባሕሩ ዳርቻ ለባሪያ ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር።

ግፉ ሞልቶ ሲፈስ ተራራው ሸፈተ። ጉዋኖች ብቻቸውን አልቻሉም፤ ከአኳሙ ጋር ጠብ ወደነበረው ወደ አቼም አቡአኳ መንግሥት ላኩ። አቼሞች በልዑል ኦፎሪ ኩማ መሪነት መጡ፤ በ1730 አኳሙ ተሰበረ። ንያናኦአሴ ተትታ የአኳሙ ቤተ መንግሥት ቮልታን ተሻግሮ ሸሸ። ከተማረኩት አኳሙዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ወደ ምሽጎቹ ተነድተው ተሸጡ። በ1733 በካሪቢያን በዴንማርክ እጅ በነበረችው በሴንት ጆን ደሴት የታወቀውን የባሮች ዓመፅ የመሩት እነዚህ አኳሙዎች ናቸው። የሺህ ገባር ጌታ የነበረው ሰው በሌላ አገር ሸንኮራ እርሻ ላይ ሸፍቶ ወራት ተዋጋ። የዕጣ ፈንታ መገለባበጥ ከዚህ በላይ የለም።

የአቦታቺ መሐላ

በዚያው በ1733 ዓመት ተራራው ላይ አቦታቺ በተባለ ቦታ ስብሰባ ሆነ። ጉዋኖቹ፣ ቀድሞ ከአኳሙ ወገን የነበሩት አቡሪዎችና አቼሞቹ ተማማሉ። ኦፎሪ ኩማና ዘሩ ይግዙ፤ እነሱም አገሩን ይጠብቁ ተባለ። የአኳፔም መንግሥት የተወለደው በዚህ መሐላ ነው። ዙፋኑ አክሮፖንግ ተተከለ፤ የንጉሡም ማዕረግ «ኦኳፔሄኔ» ሆነ።

ሁለተኛው ትረካ ከዚህ ይጀምራል። አዲሱ መንግሥት የቆመው እንደ ጦር ሰፈር ነው። አቡሪ «አዶንቴን» ተባለች፤ ፊት ቀዳሚ ማለት ነው። አዱክሮም «ኒፋ»፣ ቀኝ ክንፍ ሆነች። ላርቴ «ቤንኩም»፣ ግራ ክንፍ። የአቼም ልጅ የሆነችው አማኖክሮም «ጃሴ» ተብላ የንጉሡን ቤት ያዘች። ፊታውራሪ፣ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች እያለ ላደገ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። በእኛ ዘንድ ማዕረጉ የሰው ነበር፤ በአኳፔም ግን የከተማ ሆኖ ቀረ፤ የአዱክሮም አለቃ ዛሬም የቀኝ ክንፍ አለቃ ነው። እንግዲህ «አኩው አፔም» የሚሉት ይህን ያመለክታሉ። የተለያየ ቋንቋ፣ የተለያየ አምላክ፣ የተለያየ የውርስ ሕግ ያለው ሕዝብ በየጭፍራው ተሰልፎ አንድ ሆነ፤ ስሙም ሺህ ጭፍራ ተባለ ይላሉ።

ከሁለቱ የቱ ይበልጣል? በድምፅ ብቻ ካየነው «አኩው አፔም» ያሸንፋል፤ ምንም ሳይጎድል «አኳፔም» ይሰጣል። «ንኮአ አፔም» ግን መጀመሪያ ላይ ያለውን «ን» መጣል ይኖርበታል። ነገር ግን የቦታ ስም የሚያጠና ሰው ከልክ በላይ የሚገጥም ትርጉም ሲያይ መጠርጠር አለበት። ሕዝብ የማይወደውን ስም አይጥለውም፤ ያርመዋል። ድምፁን ሳይነካ ትርጉሙን ይገለብጠዋል። ጌታው በንቀት ያወጣው ስም ለልጅ የሚነገር የኩራት ስም የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ስድቡ ቀድሞ ኩራቱ ተከተለ ብንል የታሪኩ ቅደም ተከተልም ይደግፈናል፤ ገባርነቱ በአሥራ ሰባተኛው፣ መሐላው በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ነውና።

ስሙ ሲጻፍ

ሚስዮናውያንና የቅኝ ገዢ ጸሐፊዎች ስሙን እንደሰሙት ጻፉት። «አክዋፒም» የሚለው አጻጻፍ በካርታና በመዝገብ ለረጅም ጊዜ ሰፈነ፤ ዛሬም በአንዳንድ ሰነድ ላይ ይገኛል። ሰው ከነስህተቱ ስለለመደው ልብ አይለውም። «ሺህ» የሚለው ትርጉም ግን በዚያ አጻጻፍ ውስጥ ተዳፍኖ ነበር።

በ1835 የዴንማርክ ተወላጅ ሚስዮናዊ አንድሬያስ ሪስ አክሮፖንግ ወጣ። የላከው በስዊስ ባዝል ከተማ ያለው ሚስዮን ነው። አገሬው ስሙን ትቶ «ኦሲያዳን» አለው፤ ቤት ሠሪው። ባዝል ለእኛም ባዳ አይደለችም፤ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት የተማረው እዚያው ነው። በጋፋት ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያፈሰሱት ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችም ከባዝል አጠገብ ካለችው ከክሪሾና የተላኩ ናቸው።

በአክሮፖንግ የባዝል ሰዎች ዋና ሥራ መድፍ ሳይሆን ፊደል ሆነ። ዮሐን ጎትሊብ ክሪስታለር በ1853 መጥቶ የአኳፔምን ንግግር የትዊ ጽሕፈት መሠረት አደረገው። መጽሐፍ ቅዱስ በ1871 ተጠናቆ ታተመ፤ ሰዋስው በ1875፣ ከሦስት ሺህ በላይ ተረትና ምሳሌ በ1879፣ መዝገበ ቃላት በ1881 ወጡ። ከአገሬው ልጆች ባዝል ድረስ ሄዶ የተማረው ዴቪድ አሳንቴ በትርጉሙ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ውጤቱ ያስገርማል። አሻንቲ ብርቱ፣ ሰፊና ባለጠጋ መንግሥት ነበረ፤ ሆኖም ትዊ ለመጻፍ ብዕር የሚያነሣ አሻንቲ ለብዙ ዘመን የጻፈው በትንሿ ተራራ በአኳፔም ንግግር ነው። በ1848 አክሮፖንግ የተከፈተው የመምህራን ማሠልጠኛም ይህን ንግግር በየትምህርት ቤቱ በተነው።

ጎረቤቶች ስለዚህ ንግግር የሚቀልዱት ቀልድ አለ። የአኳፔም ሰው ትሕትናው ከመብዛቱ የተነሣ ሲሳደብ እንኳ «እባክዎ» ብሎ ይጀምራል ይላሉ። በትዊ «እባክህ» ማለት ቃል በቃል ባርኔጣዬን አወልቅልሃለሁ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ሞኝ ነህ የሚል ሰው ክብር ይገባዋል።

ዛፉ ከየት መጣ

ከካካዎ በፊት የአኳፔም ገበሬ የሚኖረው በፓልም ዘይት ነበር። ዛሬ በእኛ ሱቅ በጀሪካን የሚሸጠው ፓልም ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ ይምጣ እንጂ የዛፉ አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው። አኳፔሞች ፍሬውን ቀቅለው፣ ረግጠው፣ ዘይቱን በበርሜል ወደ ባሕር ያወርዱ ነበር። ለቤታቸው ደግሞ ያም፣ ካሳቫና የሚቀቀል ሙዝ ያመርታሉ፤ ካሳቫና ሙዙን በሙቀጫ ወቅጠው ፉፉ ይሠሩታል።

በ1843 ሌሎች እንግዶች መጡ። ባዝሎች በአገሬው ዘንድ ክርስቲያን ጥቁር አሳዩን መባላቸው በትውስታ ይነገራል፤ ስለዚህ ከጃማይካና ከአንቲጓ የሞራቪያን ቤተ ክርስቲያን አባል የሆኑ 24 ያህል ጥቁሮች ተጋብዘው አክሮፖንግ ሰፈሩ። ማንጎና አቮካዶ እነሱ ይዘውት መጡ ይባላል። እኛ በደቡብ ጎደሬ የምንለው ተክል አሜሪካዊ ዘመድ የሆነው «ማንካኒ»ም እንዲሁ። ሚስዮኑ ቡናም ሞክሮ ነበር፤ ከእኛ ደን የወጣው ተክል ባሕር ዞሮ በዚያ ተራራ ላይ ዕድሉን ፈተነ፤ አልሆነለትም። የጃማይካና የዚያ ተራራ ዝምድና ግን አልተቋረጠም። በ2005 የቦብ ማርሌይን ስልሳኛ የልደት ዓመት በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ያከበረችው ሪታ ማርሌይ ቤቷን የሠራችው በአቡሪ አጠገብ ኮንኮኑሩ በምትባል መንደር ነው።

ባዝሎች የካካዎ ዘርም ከደቡብ አሜሪካ አምጥተው በ1850ዎቹ መጨረሻ አክሮፖንግ ላይ ተክለዋል፤ ሳይሠምር ቀረ። የሠመረለት አንድ አንጥረኛ ነው። ቴቴ ክዋርሺ የባሕር ዳር ሰው ነው፤ ሙያውን የተማረው በባዝል ሚስዮን ወርክሾፕ ነው። በፈርናንዶ ፖ ደሴት ሠርቶ ሲመለስ የካካዎ ፍሬ ይዞ መጣ፤ በ1879 ማምፖንግ ላይ ተከለው። ያ ማሳ እስከ ዛሬ ይጎበኛል። ጎረቤቶቹ ፍሬ እየገዙት ወሰዱ። በ1890 የተከፈተው የአቡሪ የዕፅዋት ማዕከልም ችግኝ በርካሽ ያከፋፍል ጀመር።

ካካዎ ገበሬውን ከነባሩ እርሻ አያፋታውም። ችግኙ ፀሐይ ይፈራል፤ ስለዚህ በማንካኒና በሙዝ ጥላ ሥር ይተከላል። ገበሬው በቆንጨራ ደኑን መንጥሮ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከዚያው ማሳ እየበላ ያሳልፋል፤ ዛፉ ፍሬ ሲይዝ የጥላው ሙዝ ሥራውን ጨርሷል። የቢጫውን ፍሬ ሆድ ሰንጥቆ ያወጣውን ለስላሳ ዘር በሙዝ ቅጠል ሸፍኖ ለአንድ ሳምንት ያህል ያብላላዋል፤ ከዚያ በምንጣፍ ላይ ፀሐይ ያስመታዋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ቤተሰብ ነው፤ ባለ ብዙ ሺህ ሄክታር ኩባንያ አላስፈለገም። በ1891 ከአገሩ የወጣው ካካዎ ሰው በሸክም የሚችለው ነበር፤ 80 ፓውንድ። በ1911 ወደ 40,000 ቶን ደረሰ፤ የዛሬዋ ጋና የዓለም አንደኛ ካካዎ ላኪ ሆነች።

ሺህ ማኅበር

ሃያ ዓመት ለዚህ ሁሉ እንዴት በቃ? ተራራው ጠባብ ነው፤ መሬቱም በቆየ እርሻ ደክሟል። አኳፔሞች ዓይናቸውን ወደ ምዕራብ፣ ከዴንሱ ማዶ ወዳለው የአቼም አቡአኳ ደን ጣሉ። ደኑ ሰፊ፣ ሰው አልባ ለማለት የሚቀርብ ነበር፤ አለቆቹም ለመሸጥ ፈቃደኞች ነበሩ። በፓልም ዘይትና በጎማ ንግድ የተቆጠበው ገንዘብ መሬት ገዛ፤ ካካዎው ሲያፈራ ደግሞ የካካዎ ገንዘብ ሌላ መሬት ገዛ። እንግሊዛዊቷ ተመራማሪ ፖሊ ሂል በ1963 ባሳተመችው መጽሐፍ ያሳየችው ይህን ነው። የአፍሪካ ገበሬ ከጎጆው አይወጣም፣ ካፒታል አያውቅም የሚለው ወሬ በአኳፔም ፊት አልቆመም።

የገዙበት መንገድ ከአገሩ ስም ጋር የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው። ላርቴ፣ ማምፌና ማምፖንግ፣ እነዚያ ዘር በአባት የሚቆጥሩት ጉዋኖች፣ የሚገዙት በማኅበር ነበር። ዘመድ ያልሆኑ ሰዎችም አብረው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ አንድ መሪ ይመርጣሉ፤ መሪው ከአቼም አለቃ ጋር ተደራድሮ አንድ ትልቅ ደን ይገዛል። ከዚያ ወንዙን ወይም አንዱን ጠርዝ መነሻ አድርገው፣ በክንድና በገመድ እየለኩ፣ እያንዳንዱ ባዋጣው ልክ አንድ ረጅም ቀጭን ድርሻ ይወስዳል። ድርሻው ከወንዙ እስከ ደኑ መጨረሻ እንደ መቀነት ይዘረጋል። ማንም ከማንም በታች አይደለም፤ ያዋጣ ይካፈላል። አባት ሲሞት ልጆቹ መቀነቱን በቁመቱ ይሰነጥቁታል፤ ድርሻው ይቀጥናል እንጂ አይጠፋም።

አክሮፖንግና አቡሪ ግን አካን ናቸው፤ ዘር በእናት ይቆጥራሉ፤ የሰውዬውን ውርስ የሚወስደው የእህቱ ልጅ ነው። እነዚህ ማኅበር አልፈለጉም፤ ባለጠጋው ሰው ብቻውን ገዝቶ ለእናቱ ወገን ያካፍላል። ስለዚህ የሁለቱን መሬት በካርታ ላይ ያየ ሰው ማን የማን ዘር እንደሆነ መለየት ይችላል። ተሰልፈው የተደረደሩት መቀነቶች በአባት የሚቆጥሩት ናቸው፤ እንደ ድሪቶ የተጣጣፈው በእናት የሚቆጥሩት ነው።

አኳፔሞች ዴንሱን ለመሻገር በገዛ ገንዘባቸው ድልድይ አሠርተዋል፤ መንገድ ከፍተዋል። በዚያ ማዶ የተከሉት ሰፈር ግን አገራቸው አልሆነም። ትልቁን ፎቅ ቤት የሚሠሩት ተራራው ላይ ነው። ለቀብርና በመስከረም ወይም በጥቅምት አክሮፖንግ ላይ ለሚከበረው የኦድዊራ በዓል ይመለሳሉ። ኦድዊራ አኳፔሞች በ1826 በካታማንሶ ጦርነት ከባሕር ዳር ሰዎች ጎን ሆነው አሻንቲን ካሸነፉ በኋላ የጀመሩት ነው ይባላል፤ የነገሥታቱ በርጩማዎች የሚነጹበትና አዲሱ ያም ለአባቶች የሚቀርብበት ሳምንት ነው።

ከ1733ቱ መሐላ ይልቅ ይህ ይመስለኛል «አኩው አፔም»ን እውነት ያደረገው። «አኩው» ጭፍራም ማኅበርም ነውና፤ በመሐላው ጊዜ ጭፍራ የነበረው በካካዎ ጊዜ ማኅበር ሆነ። ስድብ ነበረ ብንል እንኳ ገበሬዎቹ በሥራቸው ሽረውታል። ገባር ለጌታ ይከፍላል፤ የማምፌ ሰው ግን ለራሱ መሬት ከፈለ።

ደዌና ዋጋ

ጌታ ግን በሌላ መልክ ተመለሰ። በ1937 የአውሮፓ ካካዎ ገዢ ኩባንያዎች ዋጋ ላይ ተስማሙ፤ ገበሬው በምላሹ ካካዎውን ቤቱ ከዝኖ እስከ 1938 አልሸጥም አለ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በ1936 በኮፎሪዱአ አቅራቢያ የካካዎ ቅርንጫፍ የሚያሳብጥ በሽታ ታይቶ ነበር። ነጭ ዱቄት የለበሰ የሚመስል ትንሽ ነፍሳት ቫይረሱን ከዛፍ ዛፍ ያዛምታል፤ መድኃኒቱ ዛፉን ከነጎረቤቱ መቁረጥ ብቻ ነው። መንግሥት በግዳጅ ሲያስቆርጥ ለገበሬው ከበሽታው የባሰ ሆነ፤ ፍሬ የያዘ ዛፍ ያለ ፈቃዱ ሲወድቅ አየ። በ1948 አገሪቱን ላናወጠው ሁከት ከቀደሙት ቅሬታዎች አንዱ ይህ ነበር። የተራራውና የዴንሱ ሸለቆ ካካዎ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ማኅበሩም ወደ ምዕራብ እየራቀ ተሰደደ።

ቀጥሎ የመጣው አናናስ ነው። በአቡሪና በንሳዋም ዙሪያ የሚበቅለው አናናስ ወደ አውሮፓ በብዛት ይላክ ነበር። በ2004 አካባቢ የአውሮፓ ሱፐርማርኬቶች ከኮስታ ሪካ የመጣውን ኤም ዲ 2 የተባለውን ዝርያ መረጡ፤ የአኳፔም ገበሬ የተከለው ዝርያ በአንድ ጊዜ ገዢ አጣ። ዛሬ ማሳው በአብዛኛው ካሳቫ፣ በቆሎና ሙዝ ነው፤ ከአክራ የሚወጣ መኪና ሁሉ ደግሞ በመንገድ ዳር የተከመረ አናናስና ማንጎ ያልፋል።

አንዱ ከሺህ

ስሙ የጋራ ቢሆንም ክርክሩ አላበቃም። አክሮፖንግ «እኛ አዳንናችሁ» ትላለች። ጉዋኖቹ «እኛ ጋበዝናችሁ፣ መሐላውም የእኩል ነበር» ይላሉ። በ1990ዎቹ ክርክሩ ጠንክሮ የቀኝ፣ የግራና የፊት ክንፍ አለቆች ከአክሮፖንግ ዙፋን ወጥተናል እስከ ማለት ደረሱ። ነገሩ ሲመረመር ሌላ ሳይሆን ያው የጥንቱ የስም ጥያቄ ነው፤ ማኅበሩ ውስጥ ገብተን ተመልሰን ገባር ሆንን ወይ የሚል።

ቼሬፖንግ የሚለውም ቢሆን አካኖች የሚጠሯቸው ስም ነው፤ እነሱ ራሳቸውን ኦኬሬ ይላሉ። ሺህ ማኅበር የሚባል አገር እውነተኛ ማኅበር መሆኑ የሚታወቀው ከሺሁ አንዱ በራሱ ስም ልጠራ ሲል ነው። ኦኬሬዎች ያን አሉ። በ2018 ከሰሜን አኳፔም ወረዳ ተከፍሎ አዱክሮምን ዋና ከተማው ያደረገ አዲስ ወረዳ ተቋቋመ። ስሙ ኦኬሬ ነው።